10 ፓወር ኔጌቲቭ 2 ዜሮ አይደለም

ዜሮ አይደለም። አንድ መቶኛ ነው። 0.01 ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ግን ዛሬም፣ በዚህ ዘመን፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው "ዜሮ ነው" የሚሉ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችና ዳታቤዞች አሉ። ከእነሱ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ ቆሞ የሚከራከርላቸው ሰው ነው። "ቋንቋው እንደዚያ ነው የተሠራው፣ ዶክመንቴሽኑን ማንበብ ነበረባት" የሚለው። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ (ስሟንም የምትሠራበትንም ቤት አልናገርም) ዕቃ ከወደብ የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ትሠራለች። ክፍያዎቹ በብር፣ በዶላርና በጅቡቲ ፍራንክ ናቸው። ሲስተሙ ገንዘብን የሚያስቀምጠው በድፍን ቁጥር ነው። ጥሩ ልማድ ነው፣ እኔም ሳስተምር የምለው ይህንኑ ነው። 125 ብር ከ50 ሳንቲም 12550 ተብሎ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንዳለ የሚናገር ሌላ ቁጥር አለ። ለብርና ለዶላር 2 ነው። ለጅቡቲ ፍራንክ 0 ነው፣ ሳንቲም የለውማ። የኩዌት ዲናር ቢኖር 3 ይሆን ነበር። ልጅቷ የጻፈችው ቀመር ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ነው፦ የተቀመጠውን ቁጥር ወስዶ በ10 ፓወር ኔጌቲቭ አሃዝ ማባዛት። ለሦስቱም ገንዘብ አንድ መስመር። ንጹሕ ሥራ።

ፍራንኩ ልክ ወጣ። 10 ፓወር 0 አንድ ነዋ። ብሩና ዶላሩ ግን በሙሉ ዜሮ ሆኑ። ሁሉም ነገር ዜሮ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ይታይ ነበር። ሪፖርቱ ግን የሚያሳየው ዝርዝሩን ሳይሆን ወደ ብር ተመንዝሮ የተደመረውን ነው። አብዛኛው ክፍያ በፍራንክ ስለነበር ድምሩ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። "በዚህ ወር ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል" ተባለ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በካልኩሌተር ደምሮ ነው የደረሰበት። ለልጅቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። "ቲቸር፣ ቀመሩ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?" ብላ ላከችልኝ። ቀመሩን አየሁት። ቀመሩ አልተሳሳተም።

ለሙያ ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ግማሾቹ አብረውኝ ተናደዱ። ግማሾቹ ግን "ኢንቲጀር በኢንቲጀር ምን እንዲወጣ ጠበቀች? ኢንቲጀር ነው የሚወጣው፣ 0.01 ሲቆረጥ ዜሮ ነው፣ አለቀ" አሉኝ። አላለቀም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናንሳ። እኔ ክፍል የነበራችሁ ይችን ሰሌዳ ታስታውሳላችሁ። 2 ፓወር 3፣ 8። 2 ፓወር 2፣ 4። 2 ፓወር 1፣ 2። 2 ፓወር 0፣ 1። አንድ ደረጃ በወረድን ቁጥር ለ2 እናካፍላለን። ከ1 አንድ ደረጃ ብንወርድስ? ግማሽ። ቀጥሎ ሩብ። ቀጥሎ አንድ ስምንተኛ። ኔጌቲቭ ፓወርን ማንም በአዋጅ አላወጣውም፤ ደረጃው ራሱ ነው ወደዚያ የሚወስዳችሁ። (በአማርኛ "ርቢ" ማለታችን ትንሽ ሳይጎዳን አልቀረም። "ዳግም ርቢ"፣ "ሣልስ ርቢ" ሲባል ጆሯችን የሚሰማው የሚራባ፣ የሚበዛ ነገር ነው። ከብት ደግሞ በኔጌቲቭ አይረባም። አንድ ተማሪ ይህን ብሎኝ ክፍሉ በሙሉ ስቋል፤ ግን ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።)

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ድፍን ቁጥሮችን ብትደምሩ፣ ብትቀንሱ፣ ብታባዙ ያው ድፍን ቁጥር ታገኛላችሁ። ፓወሩ ኔጌቲቭ ሲሆን ግን ከድፍን ቁጥር ቤት ወጣችሁ። ግማሽ ድፍን ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ቋንቋውን የሚሠራው ሰው የግድ አንድ ነገር መወሰን አለበት። ወይ በክፍልፋይ ይመልስ፣ ወይ ነጥብ ወዳለው ቁጥር፣ ፍሎት ወደምንለው፣ ይቀይር፣ ወይ "ይህን አልሠራም" ይበል፣ ወይ ደግሞ ይቁረጠውና ዜሮ ይበል። ከአራቱ ሦስቱን እችላቸዋለሁ። በሦስቱ ላይ ሻይ እየጠጣን ልንከራከር እንችላለን። አራተኛውን ግን አልችልም።

የዜሮው አባት ፎርትራን ነው። አይቢኤም በ1957 ለ704 ኮምፒውተር ያወጣው፣ የጆን ባከስ ቡድን የሠራው። ሁለት ኮከብ ለፓወር የምንጠቀመውም ከእሱ ወርሰን ነው፤ ካርድ ላይ እየበሱ በሚጽፉበት ዘመን ከፍ ብሎ የሚጻፍ ትንሽ ቁጥር የለም። ፎርትራን ዛሬም በስታንዳርዱ 2  (-3)ን 1 ለ8 አድርጎ ይተረጉመዋል፣ ማካፈሉ የድፍን ቁጥር ማካፈል ስለሆነም መልሱ ዜሮ ነው። ስህተት አይደለም፣ ተጽፎ የጸደቀ ነው። በዚያ ዘመን ለነበሩት ሰዎች ክብር አለኝ። ማሽኑ ጠባብ ነው፣ አንዱን ቁጥር ሌላ ዓይነት ማድረግ ዋጋ አለው፣ ተጠቃሚዎቹም ከማሽኑ ጋር የሚውሉ ሳይንቲስቶች ናቸው። የኔ ጠብ ከእነሱ ጋር አይደለም። ከዚያ በኋላ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ዜሮ ከሚከላከለው ጋር ነው።

መከላከያው ሁሌም አንድ ነው፦ "7 ለ2 ሲካፈልስ 3 አይደል የሚባለው? እሱን ተቀብለህ ይህን ለምን አትቀበልም?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልመልስ። 7 ለ2 ሲካፈል 3 ደርሶ 1 ይቀራል። ቀሪውን የሚሰጥ ሌላ ኦፕሬተር ከጎኑ አለ። ሁለቱን ብትይዙ 7ን መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ፤ ምንም አልጠፋም። ደግሞም ሰው ያንን 3 ሆን ብሎ ይፈልገዋል። 7 ተማሪ በ2 ወንበር፣ ገጽ በገጽ መከፋፈል፣ ሰዓት ወደ ቀን፣ ስንቱ። አሁን ወደ ፓወሩ ተመለሱ። መሠረቱ 2 ይሁን፣ 10 ይሁን፣ 7 ሚሊዮን ይሁን፣ ፓወሩ -1 ይሁን -50፣ መልሱ ዜሮ ነው። ሁልጊዜ። ከዜሮ የሚተርፉት 1 እና -1 ብቻ ናቸው (መሠረቱ 0 ከሆነ ደግሞ ለዜሮ ማካፈል ነው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው)። ምን ብትሰጡት አንድ መልስ ብቻ የሚመልስ ነገር ቀሪ የለው፣ መረጃ የለው። እስቲ 2  -3 ብሎ ጽፎ ዜሮ እንዲወጣለት የፈለገ አንድ ሰው አምጡልኝ። አንድ። ዜሮ የፈለገ ሰው 0 ብሎ ይጽፋል፣ አንድ ፊደል ነው።

ሕጉም ይፈርሳል። 2 ፓወር 3 ሲባዛ በ2 ፓወር ኔጌቲቭ 3፣ ፓወሮቹ ተደምረው 2 ፓወር 0፣ ማለትም 1 መሆን አለበት። በፎርትራን 8 ሲባዛ በ0፣ ዜሮ ነው። ፓወርን ፓወር ያሰኘውን ሕግ የማያከብር ኦፕሬተር በምን ሒሳብ ነው "ልክ ነው፣ ተቆርጦ ነው" የሚባለው?

"ፎርትራን ማን ይጽፋል ዛሬ?" የምትሉ አላችሁ። የአየር ጠባይ ትንበያ የሚሠሩት ይጽፉታል፣ ግን ተዉት። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨርን እንይ፣ እሱን እዚህ ያሉ ብዙ ወዳጆቼ ይሠሩበታል። የፓወር ፈንክሽኑ የገባለትን ዓይነት ነው የሚመልሰው። ኢንቲጀር ከሰጣችሁት ኢንቲጀር። ስለዚህ 10 እና -2 ስትሰጡት ዜሮ ይላል። "እሺ፣ 10.0 ብላችሁ ጻፉዋ" ይላል ዐዋቂው። ጻፉት። አሁንም 0.0 ነው! 10.0 ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ያለው ዴሲማል ስለሆነ መልሱም ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ይኖረዋል፣ 0.01 ደግሞ በአንድ አሃዝ አይታይም። ማይክሮሶፍት ራሱ ዶክመንቴሽኑ ላይ 2.0ን ፓወር -100 አድርጎ 0.0 እንደሚወጣ፣ ወደ ፍሎት ሲቀየር ግን ትክክለኛው ትንሽ ቁጥር እንደሚወጣ በምሳሌ ያሳያል። ማለትም ያውቁታል። ጉድጓዱን ሲያውቁት ምልክት አቆሙለት እንጂ አልደፈኑትም። "ነጥብ ዜሮ ጨምሩበት" እያላችሁ ጀማሪ የምትመክሩ ሰዎች፣ ምክራችሁን ራሳችሁ ሞክሩት በፈጣሪ።

ወደ ፓይተን እንምጣ፤ አብዛኞቻችሁ የተማራችሁት በእሱ ነው። 2  -1 ብትሉት 0.5 ይላል። ጀማሪ የሚጠብቀውን ነው ያገኘው፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም፤ እስከ 2.1 ድረስ በድፍን ቁጥር ላይ ኔጌቲቭ ፓወር ስህተት ነው ብሎ ይቆም ነበር፣ ከ2.2 ጀምሮ ነው ፍሎት መመለስ የጀመረው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። አልጎል 60 በ1960 ሪፖርቱ ላይ ይህንኑ ብሎ ነበር፦ ፓወሩ ፖዘቲቭ ከሆነ የመሠረቱን ዓይነት፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ሪል።

ግን ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ደግሞ ፓይተን አፍቃሪዎች አትናገሩም። የመልሱ ዓይነት የሚታወቀው በፓወሩ ዓይነት ሳይሆን በፓወሩ ዋጋ ነው። ያው መስመር፣ ያው ሁለት ኢንቲጀር፤ ዛሬ 2 ገባ ኢንቲጀር ወጣ፣ ነገ -2 ገባ ፍሎት ወጣ። የፓይተንን ዓይነት የሚፈትሹት ቱሎች እንኳ ፓወሩ ተለዋዋጭ ሲሆንባቸው እጃቸውን አንሥተው "ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል" ነው የሚሉት። ፍሎቱ ራሱ ደግሞ ከነጣጣው ነው የሚመጣው። 3 * 10  -1 ብትጽፉ 0.3 አይደለም የሚወጣው፣ 0.30000000000000004 ነው። ገንዘብ ላይ አስቡት። ሌላም አለ። ፓይተን 10  400 ስትሉት 401 አሃዝ ያለውን ቁጥር አንዲት ሳያጎድል ይሰጣችኋል፣ የሚኮራበት ነገር ነው። 10  -400 ስትሉትስ? 0.0። ተመልሳ መጣች ያቺ ዜሮ፣ በኋላ በር። ያን ያህል ትንሽ ቁጥር ፍሎት ውስጥ አይገባማ።

ደግሞ ፓይተንና የፓይተን ቤተኛ የሆነው ነምፓይ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የኢንቲጀር አሬይ ኔጌቲቭ ፓወር ብታደርጉ ነምፓይ "ኢንቲጀርን ወደ ኔጌቲቭ ኢንቲጀር ፓወር ማድረግ አይፈቀድም" ብሎ ይቆማል። ከ1.12፣ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ። ተማሪ "ቲቸር፣ ፓይተን ራሱ ሠርቶልኝ ነምፓይ ለምን እምቢ አለኝ?" ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ አሬይ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በውስጡ አንዲት ኔጌቲቭ ብትገኝ ሚሊዮኑን ሁሉ ፍሎት ማድረግ ነው? እንደ ዳታው የውጤቱ ዓይነት ሊቀያየር ነው? ስለዚህ እምቢ አለ። እኔ በዚህ ከነምፓይ ጋር ነኝ። ከፍሎት ጀምሩ ይላችኋል፣ ከፈለጋችሁ ትጀምራላችሁ። ውሳኔው የእናንተ ሆነ፣ በብርሃን።

ጁሊያ ሁለቱንም ልያዝ ብላ ግራ የሚያጋባ ነገር ሠርታለች። 2^-1 ብላችሁ በቀጥታ ስትጽፉ 0.5 ትላለች። -1ን ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጣችሁ 2ን በእሱ ፓወር ስታደርጉ ዶሜይን ኤረር ብላ ታቆማለች። ምክንያቱ ሐቀኛ ነው፦ ቁጥሩ ኮዱ ላይ ተጽፎ ሲታይ ኮምፓይለሩ የውጤቱን ዓይነት አስቀድሞ ያውቃል፣ በተለዋዋጭ ሲመጣ አያውቅም። ግን ኮድ ስናጸዳ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? በቀጥታ የተጻፈ ቁጥርን ስም መስጠት አይደለም? ስም ስለሰጠሁት ፕሮግራሜ ሲወድቅ አልወድም። ቢሆንም ይወድቃል እንጂ አይዋሽም፣ ስለዚህ ከጁሊያ ጋር ጠብ የለኝም።

ልቤ ያለው ሌላ ጋ ነው። ሩቢ 10  -2 ስትሉት 1/100 ይላችኋል። ክፍልፋይ። ሊስፕም እንዲሁ። በ12550 አባዙት፣ 251/2 ይወጣል፣ ማለትም 125 ከግማሽ፤ ያ ያልነው 125 ብር ከ50 ሳንቲም። ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተጠጋጋም፣ 2 ፓወር 3 ሲባዛ በ2 ፓወር ኔጌቲቭ 3ም በትክክል 1 ነው። የሚነሳው ተቃውሞ ክፍልፋይ ይከብዳል የሚል ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ስሌት ስትደራርቡ ላይና ታቹ እየረዘመ ማሽኑን ያዘገያል። እውነት ነው። የአየር ጠባይ አትተነብዩበት። ለደመወዝ ሪፖርት ግን ማሽናችሁ አይደክምም።

ክፍልፋይ ለማይመቻቸው ቋንቋዎች መልሱ እምቢታ ነው፤ እምቢታም መልክ መልክ አለው። አዳ ላይ የኢንቲጀር ፓወር ከዜሮ በታች እንዲሆን ዓይነቱ ራሱ አይፈቅድም፣ ከመጣ ኮንስትሬንት ኤረር ነው። አዳ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የተሠራ ቋንቋ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ዝም ያለ ዜሮ ምን እንደሚያደርግ አስበውበታል። ረስት ከዚያም ይብሳል። የድፍን ቁጥር ፓወር የሚቀበለው ምልክት የሌለው 32 ቢት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ኔጌቲቭ መስጠት አትችሉም፣ ኮምፓይል አይሆንም። ሃስኬል ሦስት የተለያዩ የፓወር ኦፕሬተሮች አሉት፤ አንዱ ለድፍንና ኔጌቲቭ ላልሆነ ፓወር፣ አንዱ መሠረቱ ክፍልፋይ መሆን ለሚችል፣ አንዱ ለፍሎት። ተማሪ ሲያየው "ይሄ ሁሉ ለምን?" ይላል። ይሄ ሁሉ የሆነው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ነው። እኛ በአንድ ምልክት ጨፍልቀናቸው ነው ጭንቅላታችን የሚዞረው።

ይባስ ብሎ ጃቫስክሪፕት እንኳ! ሁላችንም የምናሾፍበት ጃቫስክሪፕት በ2020 ስታንዳርዱ ቢግኢንት የሚባለውን ትልቅ ድፍን ቁጥር ሲያስገባ ኔጌቲቭ ፓወር ከመጣ ሬንጅ ኤረር ይሁን ብሎ ወሰነ። ዜሮ ማለት ይችል ነበር። አላለም። የጃቫ ትልቁ ኢንቲጀርም ኔጌቲቭ ፓወር ሲሰጡት ስህተት ወርውሮ ይቆማል።

ሲ እና ጎ ኦፕሬተሩ ጭራሽ ስለሌላቸው በእነሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። አንድ ነገር ብቻ፦ ያቺ ከላይ የምታዩዋት የጣሪያ ምልክት እዚያ ፓወር አይደለችም፣ ኤክስኦር ናት። ሲ ላይ 2 ^ -1 ብትጽፉ -3 ይወጣል። ሦስት። ያውም ኔጌቲቭ። ቢያንስ ግን አይቶ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

"ድፍን ቁጥር ኔጌቲቭ ፓወር ሆኖ መልሱ ድፍን የሚሆንበት ጊዜም አለ" የሚለኝ ክሪፕቶግራፊ የተማረ ሰው ይኖራል። አለ፣ ደስ የሚለኝ ምሳሌም እሱ ነው። ፓይተን ከ3.8 ጀምሮ የፓወር ፈንክሽኑ ሦስተኛ ቁጥር ሲሰጡት ኔጌቲቭ ፓወር ይቀበላል። 3 ፓወር ኔጌቲቭ 1 በሞዱሎ 7 ብትሉት 5 ይላል፤ 3 ሲባዛ በ5፣ 15፣ ለ7 ተካፍሎ 1 ይቀራላ። "በ3 ሲባዛ 1 የሚሰጠው ማነው?" ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፣ አርኤስኤ ቁልፍ ሲሠራ የሚያስፈልገውም ይኸው ስሌት ነው። 2ን በሞዱሎ 4 ብትጠይቁትስ? እንደዚያ ያለ ቁጥር የለም። ፓይተንም የለም ይላል፣ በስህተት መልእክት። እዩት እንግዲህ። የኔጌቲቭ ፓወርን ትርጉም አስቦበት ያለውን ሲሰጥ፣ የሌለውን የለም ሲል።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ልመለስ። "እምቢ የሚል ቋንቋ ሌሊት ፕሮግራም ይጥላል፣ ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል" አለኝ አንዱ፣ ልምድ ያለው ሰው ነው፣ አከብረዋለሁ። ይቀስቅሰው! ያ ሪፖርት በመጀመሪያው ሌሊት ወድቆ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ጠዋት ገብታ በአሥር ደቂቃ አስተካክላው ነበር። የተወራውም "ሪፖርቱ ትናንት አልወጣም" ብቻ ይሆን ነበር። የወደቀ ፕሮግራም ይነሳል። ሳምንታት ሙሉ ቆሞ የዋሸ ሪፖርት ላይ ግን ሰዎች ውሳኔ ሰጥተዋል፣ ሥራ ቀዝቅዟል ብለው ዕቅድ ቀይረዋል። ጥፋቱን የተሸከመችው ደግሞ በቤቱ ውስጥ ዝቅተኛው ደመወዝ ያላት ሰው ናት።

ዶክመንቴሽን ይነበብ፣ እኔም አስነብባለሁ። ግን ሰው የሚያነበው የተጠራጠረውን ነው። 10 ፓወር ኔጌቲቭ 2 ስንት እንደሆነ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራጠረው? ደግሞ ሐቁን እንነጋገር። ያንን ሪፖርት ያጸደቀው ኃላፊ አንብቦት ነበር? ኮዱን ያየው ሲኒየር አንብቦት ነበር? ደብዳቤ የደረሳት እሷ ብቻ ናት። አንድ መሣሪያ በተመሳሳይ ቦታ ሰው በሰው ላይ ሲቆርጥ "እጃችሁን ጠብቁ" የሚል ጽሑፍ መለጠፍና ሠራተኛውን መቅጣት የሚቀለው ለመሣሪያው ሻጭና ለአለቃው ነው።

እኛ አስተማሪዎችም አለንበት። "የዚህ ኮድ ውጤት ምንድን ነው?" ብሎ 2  -3 ሰጥቶ ዜሮ ያለውን ልክ፣ 0.125 ያለውን ስህተት የሚል የፈተና ጥያቄ አይቻለሁ። በአንድ ነጥብ። ልጁ ሒሳቡን ስላወቀ ነጥብ ተቀነሰበት። ጥያቄው "ይህ ውጤት ልክ ነው ወይ? ካልሆነስ ቋንቋው ምን ማድረግ ነበረበት?" ቢሆን ኖሮ እኮ ተማሪው የሚያስብበት ነገር ያገኝ ነበር።

ለልጅቷ የመከርኳት ይህን ነው፣ ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል። ገንዘብን በኔጌቲቭ ፓወር አታባዢ፤ በፖዘቲቭ ፓወር አካፍዪ፣ 12550 ለ100። ከማካፈልሽ በፊት ግን ቁጥሩን በቂ አሃዝ ወዳለው ዴሲማል ቀይሪው፣ አለበለዚያ ድፍን ለድፍን ተካፍሎ 125 ይወጣና 50 ሳንቲሟ ትቀራለች። በብር፣ በፍራንክና በዲናር አንድ አንድ መስመር ቴስት ጻፊ፤ 2፣ 0 እና 3 አሃዝ፣ ሦስቱም ይፈተኑ። ለደብዳቤው ደግሞ መልስ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ፣ በትሕትና፣ የቀመሩን ትክክለኛነት በሁለት መስመር አሳይታ። ረቂቁን አብረን አይተነዋል፣ ሰኞ ታስገባለች።

እናንተ ደግሞ ነገ ሥራ ስትገቡ ሪፖርት በምትሠሩበት ሲስተም ላይ 10 ፓወር ኔጌቲቭ 2 ብላችሁ ጠይቁት፤ አንዴ በ10፣ አንዴ በ10.0፣ አንዴ -2ን ተለዋዋጭ ውስጥ አስገብታችሁ። ያወጣውን ከነሲስተሙ ስም እዚህ ጻፉልኝ፣ ቀጣይ ሴሚስተር ለክፍሌ ሰንጠረዥ እሠራበታለሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ግን አትጻፉ።